የተሳልኩት ጥላ

እመቤቴ ኪዳነ ምሕረት ያደረገችልኝን ልመስክር።

ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ዳዴ ስትል ጀምራ ፀሐይ ላይ ዓይኗን መግለጥ አትችልም ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ፊቷን ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ወረሰው። ጎረቤት «ምች ነው» ይላል። አንዷማ «በዚህ ዕድሜ ማድያት?» ብላ ሳቀች። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አምና ግራ ዓይኗ ላይ፣ ጥቁሩና ነጩ ከሚገናኙበት፣ ቀላ ያለ ሥጋ በቀለ። በአቅራቢያችን ያለ ክሊኒክ ቴትራሳይክሊን ቅባት ሰጠን። አራት ወር ቀባኋት። ሥጋው ወደ ብሌኗ ተጠጋ። ያንን አራት ወር ሳስብ አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

አዲስ አበባ ስንሄድ ዶክተሯ ከዓይኗ በፊት ፊቷን አየች። «ዜሮደርማ ፒግሜንቶሰም ይባላል» አለችን። ፀሐይ የጎዳውን ቆዳዋም ዓይኗም መጠገን አይችሉም። በዘር የሚመጣ ነው፤ እኔና አባቷ ሳንታመም፣ ሳናውቀው ተሸክመነው ኖረናል። እንደኛ ካሉ ወላጆች የሚወለድ ልጅ በየእርግዝናው በሽታው የመያዝ ከአራት አንድ ዕድል አለው። እንዲህ በዓይን ገጽ ላይ የሚበቅል ካንሰር በልጅ እምብዛም አይታይም፤ በእንዲህ ያለ ልጅ ግን ይመጣል።

ሥጋው ከዙሪያው ጭምር ተቆርጦ ወጣ። ናሙናው ተመረመረ። ካንሰር ነው። ለዓይኗ የካንሰር ጠብታ ታዘዘላት።

እሱን እንኳ ቻልኩት። ከዚያ ግን አንድ ማታ ፀጉሯን ስሠራ ጣቴ ጆሮዋ ፊት ያለ እብጠት ነካ። ንፍፊት። ይህ ካንሰር ከዓይን ወጥቶ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ጆሮ ፊትና አንገት ላይ መሆኑን ነግረውኝ ነበር። ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ።

በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ አሥር ቀን ቆየ። እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ሌሊት ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወድቄ «እናቴ፣ ልጄን አትርፊልኝ፣ ጥላ አገባልሻለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ሰው «መድኃኒቱን ተዪው፣ ጸበል ብቻ ይበቃል» ሲለኝ የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ። «ልጄ፣ ጸበሉም የእሱ ነው፣ ሐኪሙም የእሱ ነው። ጠብታውን እንዳታቋርጪ» አሉኝ። አላቋረጥኩም። በቀን አራት ጊዜ፣ ለአንድ ሳምንት፤ ከዚያ ሦስት ሳምንት እረፍት። ያቃጥላታል። ቀሚሴን ጨብጣ ትችለዋለች።

በአሥረኛው ቀን ዶክተሯ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። «ንፍፊቱ ውስጥ ካንሰር የለም።» እልል ያልኩት እዚያው ኮሪደሩ ላይ ነው። ማንም አልከለከለኝም።

በሽታው ከቆዳዋ አልወጣም፣ እውነቱን ልናገር። በየሦስት ወሩ ትታያለች። ባርኔጣ፣ ጥቁር መነጽር፣ እጅጌው ረጅም ልብስ አይለያትም። ዓይኗ ግን ያያል። እናቶች፣ ልጃችሁ ዓይን ላይ ሥጋ ከበቀለ ወይ ፀሐይ አልችል ካለ ቅባት እየቀባችሁ አትጠብቁ፣ የዓይን ሐኪም ጋ ሩጡ።

የካቲት 16 ስለቴን አገባሁ። ቀዩን ጥላ፣ ዘርፉ ወርቃማ የሆነውን። ፀሐዩ ከርሮ ነበር። ከመስጠታችን በፊት አባቷ ዘረጋውና ልጄ ከሥሩ ቆማ፣ መነጽሯን አውልቃ፣ ታቦቱ ሲወጣ አየች።