የግራው ዳርቻ ሌላ ፈቃድ አለው

የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሆኑትን የናቫሆ፣ የሆፒና የዩት ሴት መሪዎች ይዘን በአሜሪካዋ ዩታ ግዛት የሳን ሁዋንን ወንዝ በጎማ ጀልባ ወረድን። አስተባባሪዋ እኔ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

ቀላሉን ላሳጥረው። የወንዙ ፈቃድ በዕጣ ነው፤ ኦንላይን ይሞላል። ዕጣው የወጣላት ሰው ራሷ መገኘት አለባት፣ ለሌላ አይተላለፍም። ጀልባ፣ ላይፍ ጃኬትና ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ተከራየን። ከመነሻችን ሳንድ አይላንድ እስከ መድረሻችን ሜክሲካን ሃት 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ያንገበገበኝ የግራው ዳርቻ ነው። እዚያ ወንዙ ድንበር ነው። ቀኙ በአብዛኛው የፌዴራል መንግሥት መሬት፣ ግራው የናቫሆ ብሔር ግዛት። ግራው ላይ ለማደርም ሆነ በእግር ለመሄድ ከናቫሆ ብሔር ለብቻው ፈቃድ ይወጣል። ጀልባ ያከራየን ድርጅት ሠራተኛ ግን በስልክ “የወንዙ ፈቃድ ይበቃችኋል፣ አታስቡ” አለኝ። ደግሜ ጠየቅኩት። ያንኑ መለሰልኝ። ስለዚህ ዋናው የምሽት ውይይት በግራ በኩል እንዲሆን አቀድን፤ አስተናጋጇም ከመሪዎቹ አንዷ፣ የናቫሆዋ እናት።

መነሻችን ሲቃረብ ስለ መኪና ልጠይቀው ደወልኩ። “ግራው ላይማ ያለ ፈቃድ እንዳታድሩ” አይለኝም! ለማመልከት ጊዜ አልቀረም። ለእናትየዋ ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተው “እንግዶቼን በሰው ደጅ ላሳድር ነው?” አሉኝ።

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሴቶቹ የመጡት ስለ መሬታቸው ሊመክሩ ነው። ከወንዙ በስተ ሰሜን ያለው ቤርስ ኢርስ የተባለው ጥብቅ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2016 ተከለለ፣ በ2017 ተሸራረፈ፣ በ2021 ተመለሰ። አምስት ነገዶች ተባብረው ታግለውለታል። እንዲህ ያሉ ሰዎችን በአንድ ሰው ግዴለሽነት ማሳቀቅ ነውር ነው።

ውይይቱ በቀኝ ዳርቻ ተካሄደ። በትለር ዋሽ በሚባለው ስፍራ ገደሉ ላይ ትከሻቸው የሰፋ የሰው ምስሎች ተቀርጸዋል። የሆፒዋ መሪ ፎቶ እንዳናነሳ ጠየቁን። ስልኮቻችንን ውሃ የማያስገባው ሣጥን ውስጥ ከተን ቆለፍን። እሳቸው ዓለቱን ሳይነኩ፣ በጣታቸው ከሩቅ እያመለከቱ ያስረዱን ነበር።

ፈቃድን የሚሰጠውን አካል ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። አከራይ ጀልባ ያከራይ። የውሃ ማጣሪያ ይበቃል የሚሏችሁንም አትስሙ። ወንዙ ደለል ስለሚበዛበት ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ የምትጠጡትን ሁሉ ጭናችሁ ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣልና በማለዳ ቅዘፉ።

ለሚቀጥለው ጉዞ የግራው ዳርቻ ማመልከቻ ከሁሉም ቀድሞ ይገባል። የሚፈርሙትም የናቫሆዋ እናት ናቸው።