ቡናው ሥር ያለችው እንቁራሪት

ሰሞኑን ጅማ ዝናቡ አላባራ ብሏል። ማታ ማታ በቦዬ ረግረግ በኩል የእንቁራሪቶቹ ጩኸት የጨረባ ተዝካር ሆኗል። ጎረቤቶቼ ይማረራሉ። እኔ ደግሞ እነሱን ካልሰማሁ ክረምት የገባ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ግን ሌላ ዓይነቷን፣ የዛፍ እንቁራሪቷን ፍለጋ ወጣሁ። በሸቤ አድርጎ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ በለጤ ጫካ አለ። እዚያ ቡና ያላቸው አንድ የአጎቴ ወዳጅ አሉ። "ጋሼ፣ ሲመሽ ወደ ጅረቱ ብንወርድ?" ስላቸው ሳቁ። "ሰው ቡና ሊያይ ይመጣል፣ አንተ እንቁራሪት!" ብለው ባትሪያቸውን አነሱ።

ወንዱ ነው የሚጮኸው። አንዴ ይልና ዝም ይላል፤ ስትጠጋ ጭራሽ ይጠፋል። ባትሪውን አጥፍተን ቆምን። ዝናቡ ከቅጠል ቅጠል ይንጠባጠባል፣ ጭቃው ጫማዬን ውጦታል። ድምፁ እንደገና ሲመጣ ጋሼ አበሩ። ደረቴ ጋ በሚደርስ ቁጥቋጦ ላይ ተለጥፏል። ትንሽ ነው፣ ቡናማ። ዓይኑ ለሰውነቱ አይመጥንም፤ ትልቅ ነው፤ መሀሉ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቁር መስመር አለው። የጣቶቹ ጫፍ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ ነው። እርጥብ ቅጠል ላይ ሳይንሸራተት የሚይዘው በእነዚህ ነው። ጉሮሮው ሲነፋ አየሁት።

የሳይንስ ስሙ ሌፕቶፔሊስ ቫኑተሊ ይባላል። ቫኑተሊ የጣሊያን ባሕር ኃይል መኮንን ነበር፤ ቦቴጎ ከሚባለው ጣሊያናዊ አሳሽ ጋር እስከ ኦሞ የዘለቀ። ቦቴጎ በ1897 እ.ኤ.አ. ወለጋ ላይ ሲገደል ቫኑተሊ ተማረከ። በዓመቱ ቡላንዠር የሚባል የለንደን ተመራማሪ እንቁራሪቷን በምርኮኛው ስም ጠራት። የደቡብ ምዕራብ ጫካችን ልጅ ሆና የጣሊያን መኮንን ስም ይዛ ቀረች። ጉድ እኮ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የዛፍ እንቁራሪት ተብላ እንቁላሏን ዛፍ ላይ አትጥልም። የእሷ ወገኖች ከዛፍ ወርደው፣ ውሃ ዳር ያለውን እርጥብ አፈር ቆፍረው እዚያ ይቀብሩታል። ሲፈለፈል ጅራታሞቹ ልጆች እየተንፏቀቁ ውሃው ውስጥ ይገባሉ። እዚሁ ደቡብ ምዕራብ ያሉት አፍሪክሳለስ የሚባሉት ትንንሾቹ እንቁራሪቶች ደግሞ ሌላ ጥበብ አላቸው። ቅጠል አጥፈው፣ እንቁላላቸውን መሀሉ ከተው ያጣብቁታል። የእኛዋ ግን ጭቃ ነው የምትፈልገው። ቁጥቋጦ፣ እርጥብ አፈርና ንጹሕ ጅረት፣ ሦስቱም እዚያው በዚያው።

እኛ ስለ ጫካ ቡና ስናወራ ቀና ብለን ነው የምናወራው። ሰሳው፣ ዋንዛው፣ ብርብራው ካጠለለ ጫካው አለ እንላለን። ከላይ አዎ፣ አለ። ከሥር ያለው ግን በየዓመቱ ይመነጠራል። ቁጥቋጦው ሲነሳ ፀሐይ መሬት ትደርሳለች፣ አፈሩ ይደርቃል። እንቁራሪት በቆዳዋ ነው ውሃ የምትጠጣው፤ በቆዳዋም ትተነፍሳለች፤ ደረቅ ነገር ጠላቷ ነው። በለቀማ ወቅት ደግሞ ከቡና ማጠቢያው የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ ጅረቱ ውስጥ ይለቀቃል። ሽታው ከሩቅ ነው የሚቀበልህ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ዛፉ ሳይቆረጥ ጫካው ሊያልቅ ይችላል ባይ ነኝ።

ይህንኑ ለጋሼ አልኳቸው። አልተቆጡም። "ካልመነጠርኩ ለቃሚው በየት ይገባል? ቡናውስ እንዴት ያፈራል?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ልጆች ያስተማሩት በዚሁ ቡና ነው።

"ጅረቱ ዳር ያለውን ብቻ ቢተዉትስ?"

"እሱማ ድሮም ጭቃ ነው፣ ቡና አይወደውም። እኔ አልነካውም። ልጆቼ ናቸው ባሕር ዛፍ እንትከልበት የሚሉት።"

ባሕር ዛፍ ከገባ የዚያ ጭቃ ነገር አበቃ። ቦዬም ጠርዝ ጠርዙን እንዲሁ ነው የተበላው፤ ባሕር ዛፍ በአንድ በኩል፣ የሸክላ ጡብ ቁፋሮ በሌላ። ለጋሼ ግን ይህን አልጨመርኩባቸውም፤ መሽቶም ነበር፣ ቡናም ተፈልቶ ይጠብቀን ነበር። ትልቁ ልጃቸው እዚህ ጅማ ባጃጅ ይነዳል። ስልኩን ተቀብያለሁ።