የኤስኤምቢን ቀዳዳ በደብረ ማርቆስ እንዴት እንደደፈንኩ

በዊንዶውስ ቀዳዳ እየገባ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ዋናክራይ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓለምን ሲያተራምስ በደብረ ማርቆስ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ማይክሮሶፍት የቀዳዳውን ማስተካከያ፣ ኤምኤስ17-010ን፣ ያወጣው መጋቢት 5 ቀን ነው። የእኛ ኮምፒውተሮች ግን አላገኙትም፤ ኢንተርኔት ይጨርሳል ተብሎ ዝመናው በትእዛዝ ተዘግቶ ነበር።

ቀዳዳው በኔትወርክ ፋይልና ፕሪንተር በሚያጋራው የዊንዶውስ ክፍል በኤስኤምቢ፣ በአሮጌው ስሪት በኤስኤምቢ አንድ ውስጥ ነው። ዊንዶውስ የደረሰውን ዝርዝር መጠን ሲያርም ከባለ32 ቢቱ ቁጥር የታችኛውን 16 ቢት ብቻ ይጽፋል። ማነስ የሚገባው መጠን ይበልጣል፤ ለአንድ ቁና በተሰፋ ስልቻ ሁለት ቁና ጤፍ እንደ መገልበጥ ነው። ትርፉ የዊንዶውስ እምብርት በሆነው በከርነሉ ማኅደረ ትውስታ ላይ ይፈስሳል፣ አጥቂውም በዚያ ይገባል። ዋናክራይም ማንም ምንም ሳይከፍት በ445 ቁጥር ፖርት፣ ማለትም በኔትወርኩ መግቢያ በር፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይዛመታል።

ማስተካከያውን ማውረድ ቀላል ነበር። ዊንዶውስ 7 ግን ሰርቪስ ፓክ አንድ የሚባለው ትልቁ የዝመና ጥቅል ከሌለው አይቀበለውም፤ የእኛዎቹ አብዛኞቹ አልነበራቸውም። ለባለ64 ቢት ዊንዶውስ የሚሆነው ጥቅል 900 ሜጋባይት ገደማ ነው። መስመራችን እየተቋረጠ ስላስቸገረኝ ከአዲስ አበባ በዲቪዲ አስመጣሁ።

ያንገበገበኝ ፈቃዱ ነው። ኃላፊው «አንቲቫይረስ ተገዝቶልሃል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ቀዳዳው ያለው ዊንዶውሱ ውስጥ ነው፤ አንቲቫይረስ አይደፍነውም» አልኳቸው። «ሰኔ የበጀት መዝጊያ ነው፤ ኔትወርክ አይቋረጥም። በደብዳቤ ጠይቅ» አሉ። ጻፍኩ። ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ግዥ ተመራ። በነፃ ለሚገኝ ማስተካከያ ግዥ ምን አገባው? የዓመቱ ሒሳብ በሙሉ ያለው እነዚያው ኮምፒውተሮች ላይ ነበር። ሐምሌ እስኪገባ አልፈረሙልኝም፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የተለመደው መመሪያ ዝመናውን ክፈቱና ተዉት ይላል። የእኛን መስመር ለሚያውቅ ይህ አይበቃም። አስቀድማችሁ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ። ማስተካከያውን በፍላሽ ሳይሆን በሲዲ ጫኑ፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሚዞረው ፍላሽ ራሱ ቫይረስ ተሸካሚ ነው። ከዚያ ኤስኤምቢ አንድን አጥፉት። አሮጌው ስካነር ያለ እርሱ አልሠራም ቢል በዩኤስቢ ይገናኝ።

ገንዘብ ያዧ ጋ የነበረው አሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቆመ ሦስት ዓመት ቢያልፍም ለእርሱ እንኳን ግንቦት 5 ቀን ማስተካከያ አወጣለት። ለዚያ ኮምፒውተር ፊርማ አልጠበቅሁም፤ ገመዱን ነቅዬ ጫንኩለት። ዛሬም ቢሆን እንዲሁ አደርጋለሁ።