ዛሬም ከሌሊቱ 10 ሰዓት

ዛሬም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ደወል አልሞላሁም። የምሄድበት ቦታም የለኝም። ሥራ ካቆምኩ 14 ወር ሆነኝ፤ ዓይኔ ግን እስከ ዛሬ በለመደው ሰዓት ይገለጣል። ከላይ ያለው ጎረቤቴ በሩን ሲዘጋ ሰማሁት። ሰው እንዳይቀሰቅስ ደረጃውን ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። እኔም እንደዚያ ነበር የምወርደው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ተነሥቼ ሻይ አፈላሁና ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። ኅዳር ነው፣ በፈረንጆቹ 2025። ፍራንክፈርት በዚህ ወር እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ጨለማ ናት። እንዲህ ባለ ጨለማ ብቻዬን ስቀመጥ ሆዴ ይባባል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የበዓል ዋዜማ ይመስለኛል። ሰው የምጠብቅ ይመስለኛል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያቺ ጓደኛዬ ጠጋ አለችኝ። ታውቋታላችሁ፣ ሁልጊዜ ለሰው ሥራ የምታፈላልገው። «እህቴ፣ እዚሁ ፍራንክፈርት ኒደራድ ሰፈር የቢሮ ጽዳት አለ። ከሌሊቱ 11 እስከ ጠዋቱ 3። ላናግርልሽ?» አለችኝ። እስከ ሐሙስ እነግርሻለሁ አልኳት። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ደብተር አወጣሁ። የጽዳት ሥራ ዝቅተኛ ክፍያ በዚህ በ2025 በሰዓት 14 ዩሮ ከ25 ሳንቲም ነው። ለሁሉም ሥራ ከተቆረጠው 12 ዩሮ ከ82 ይሻላል። በሳምንት 20 ሰዓት በወር ወደ 87 ሰዓት ይመጣል። ብሩቶ፣ ማለት ምንም ሳይቆረጥ፣ 1,240 ዩሮ ገደማ ነው። ሲያዩት ጥሩ ነው። እኔ አሁን ከመንግሥት የማገኘው ድጎማ፣ ቢርገርጌልድ የሚሉት፣ በወር 563 ዩሮ ነው፤ የቤት ኪራዬንና ማሞቂያዬን ደግሞ ድጎማውን የሚሰጠው ቢሮ፣ ጆብ ሴንተር፣ ይከፍላል። ግን ሠርቼ የማገኘው በዚህ ላይ እንዳለ አይደመርም። የመጀመሪያው 100 ዩሮ አይነካም። ከ100 እስከ 520 ካለው ለእኔ የሚቀረው 20 በመቶ ነው። ከ520 እስከ 1,000 ካለው 30 በመቶ። ከዚያ በላይ እስከ 1,200 ድረስ 10 በመቶ። ደመርኩት፤ 348 ዩሮ መጣ። ሌላው ሁሉ ከድጎማው ላይ ይቀነሳል። 348ን ለ87 ሰዓት አካፈልኩት።

በሰዓት 4 ዩሮ።

ደግሜ አሰላሁት። ያው 4 ዩሮ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ተነሥቼ፣ በሁለት ባቡር ሄጄ፣ የሰው ጠረጴዛ ወልውዬ፣ በሰዓት 4 ዩሮ። ይህም ሆኖ ከጆብ ሴንተር አልወጣም። በየወሩ የደመወዝ ወረቀቴን ይዤ እዚያው እመለሳለሁ።

ማታ ማታ በዜና ስለዚሁ ነው የሚያወሩት። መንግሥት ሕጉን ሊያጠብቀው፣ ስሙንም ሊለውጠው ነው። የሚሠራ ሰው ከማይሠራው የተሻለ ማግኘት አለበት ይላሉ። ይገባኛል። እውነት ነው። እኔን የሚያበላኝ ያ አውቶቡስ የሚነዳው ሰውዬ የሚከፍለው ግብር ነው፤ አውቶቡሱ ላይ በወጣሁ ቁጥር አስበዋለሁ። ግን ሰነፎች ናቸው ሲሉ ያመኛል። ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ሰው ሁሉ ሰነፍ አይደለም። ወገቡን የሚያሰላም አለ።

እኔ ሰባት ዓመት ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጥፌያለሁ። ውሉ በሰዓት ይላል፤ የሚቆጠረው ግን ክፍል ነው። ክፍሉ ካላለቀ ሰዓቱ አለቀ ተብሎ አይወጣም። በጥቅምት የመጻሕፍት ትርኢት ሲመጣ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ያን ሳምንት ቀና ብዬ የሄድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከዚያ ሆቴሉ የጽዳት ድርጅቱን ለወጠ። አዲሱ ድርጅት የወሰደው ወጣቶቹን ነው። እኛ ወገባችንን ያልነው ቀረን። የመጀመሪያውን 12 ወር ሥራ አጥ ሆኜ የተከፈለኝ ከደመወዜ ሲቆረጥ ከኖረው መድን ስለሆነ አልከበደኝም። የራሴ ነው እል ነበር። ቢርገርጌልድ ግን ሌላ ነው። የሦስት ወር የባንክ ወረቀት አምጪ አሉኝ። ያናገረችኝ ሴት ደግ ናት፣ አትቆጣም። ግን ለእማዬ የላክኋት 50 ዩሮ ወረቀቱ ላይ ነበረች። ጣቷ እዚያች መስመር ላይ ሲያልፍ ዝም አልኩ። ምንም አላለችም። እኔ ግን ፊቴ ጋለ።

እማዬ ሥራ ማቆሜን አታውቅም።

ይህን ስጽፍ ነው እማዬ የመጣችብኝ፤ ከዚያ በኋላ ደብተሩን ረሳሁት። አገራችን ከሐይቅ ወዲያ ነው፣ ደሴን አልፎ። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የሚሉት የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ሲጀመር እማዬ ተመዘገበች። ለአንድ ሰው በወር አምስት ቀን የሕዝብ ሥራ ነው፤ እርከን መሥራት፣ ችግኝ መትከል፣ መንገድ መጠገን። የሚከፈለው አንዳንዴ ብር አንዳንዴ እህል ነበር። እዚህ ጀርመን ከቢርገርጌልድ በፊት የነበረው ሃርትዝ ፊር የሚሉት ሕግ የጀመረውም በዚያው ጊዜ ነው፣ በፈረንጆቹ 2005 መግቢያ ላይ። በቀደም ይህን ሳነብ ብዙ ቆየሁ። እናት እዚያ ተመዘገበች፣ ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ እዚህ።

እማዬ ድንጋይ ተሸክማ ትክብ ነበር። ሰው እርዳታ ሲለው አትወድም። «ምን እርዳታ አለ? ሠርቼ ነው» ትላለች። ለጥየቃ የሄድኩ ጊዜ ተራራው ሥር አቁማኝ በጣቷ አሳየችኝ። «ያቺ ከታች ሦስተኛዋ የእኔ ናት። የእኔና የነዚያ ሴቶች።» ድንጋዩ አንዱ ባንዱ ላይ ልክ ልኩን ገብቷል። ከላዩ አፈር ይዞ ሣር አብቅሏል። ያኔ ነገሬም አላልኩት። ደሴ ልመለስ ቸኩዬ ነበር፤ መኪና እንዳያመልጠኝ።

ኋላ ጉልበቷ እምቢ አለ። ቀጥታ ድጋፍ ወደሚሉት መዝገብ አዛወሯት። ያው ክፍያ ነው፣ ያለ ድንጋይ። ጎረቤቶቿ ታደልሽ አሏት። እሷ ግን አለቀሰች። «ምን ሆኜ ነው ከደካሞች የጻፉኝ?» አለችኝ በስልክ። በሥራው ቀን ቤት መቀመጥ አቅቷት ለሠራተኞቹ ውኃ በጀሪካን እያመላለሰች ነበር አሉ። በዚያ ጉልበቷ። ማንም ሳይጠይቃት፣ ማንም ሳይከፍላት።

እርዳታ መቀበል ነውር ነው ብዬ አላምንም። ያልቻለን ሰው የሚያበላ አገር መልካም አገር ነው፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። እማዬም የወሰደችው የሚገባትን ነው። ታዲያ ለምን አለቀሰች? እኔስ ያቺ ጣት በባንክ ወረቀቴ ላይ ስታልፍ ለምን ተቃጠልኩ? አንዳንዴ ጓደኞቼ ሥራ ክብር ነው ይሉኛል። እሺ። ግን እኔ ሰባት ዓመት ያነጠፍኩት አልጋ ማታውኑ ተበትኗል። ለማን ወስጄ ላሳየው? የእማዬ እርከን ዝናብ መጥቶ አፈር ሲሄድ ያዘ። የቢሮ ጠረጴዛስ?

እውነቱን ልጻፍና ሌላ ነገር ነው የምፈልገው። እማዬን ማየት ነው የምፈልገው። ዘጠኝ ዓመት ሆነን። የእኔ ሰማያዊ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ለሁሉም አገር ይሠራል፤ ከኢትዮጵያ በቀር ተብሎ ግን ተጽፎበታል። በፈረንጆቹ 2024 በጁን መጨረሻ አዲሱ የጀርመን የዜግነት ሕግ ሥራ ላይ ሲውል ምን ያህል እንደተደሰትኩ ታስታውሳላችሁ። አምስት ዓመት ይበቃል ተባለ፤ እኔ ከዚያ በላይ ኖሬያለሁ። የቋንቋ ወረቀቱም አለኝ። የዜግነት ፈተናውንም ከ33 ጥያቄ 31 መልሼ አልፌያለሁ። ማመልከቻውን ላስገባ ወረቀት ስሰበስብ ሥራው ቆመ። ከጆብ ሴንተር የሚቀበል ሰው ራሱን አልቻለም ተብሎ ፓስፖርቱን አያገኝም። ጥቂቶች ናቸው ከዚህ የሚተርፉት፤ ለምሳሌ ካለፉት 24 ወራት 20ውን ሙሉ ቀን የሠራ። በቀን አራት ሰዓት አይቆጠርልኝም።

ጓደኛዬ ሌላም ነገር ብላኝ ነበር። ያው ድርጅት የማታም አለው። ከ11 እስከ ማታ 3። ሁለቱን ከያዝኩ ሙሉ ቀን ይሆናል። በእጄ 1,700 ዩሮ ገደማ ይገባል። ከጆብ ሴንተር እወጣለሁ። ለእማዬ የምልከውንም ማንም አያይብኝም። ግን ቀኑ ሌሊት ተጀምሮ ማታ ያልቃል፤ መሐሉ ላይ ቤት መጥቶ መተኛት ነው፣ ወይም ባቡር ላይ። ሐኪሙ ከባድ ነገር አታንሺ ብሎኛል። የውኃ ባልዲ ከባድ ነው? ይህን አልጠየቅኩትም። አይሆንም እንዳይለኝ ፈርቼ ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እማዬ ደወለች። እዚያ 2 ሰዓት ነው። ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፣ የዶሮ ድምፅ ይሰማል። «ሥራ ገባሽ ልጄ?» አለችኝ። «ባቡር ላይ ነኝ እማዬ» አልኳት። ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ሻዩ ቀዝቅዟል። «ያበርታሽ። ጉልበትሽን እግዜር ይጠብቅልሽ» አለች። ስለ እርከኑ ጠየቅኳት። ምን ነካሽ ብላ ሳቀች። «አለ። ባለፈው ክረምት ትንሽ ፈርሶ ልጆቹ ጠገኑት» አለችኝ።

74 ዓመቷ ነው። ሁለቱንም ዛሬ ብጀምር እንኳ ከጆብ ሴንተር እስክወጣ ጊዜ ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ ማመልከቻው ስንት ወር እንደሚቆይ ማን ያውቃል።

አሁን ነግቷል። ለጓደኛዬ እስካሁን አልደወልኩም። የጠዋቱን ብቻ ልበላት ወይስ ሁለቱንም?