አርባ ስድስት ወይስ አርባ ሰባት

እሑድ መርፌ አልነካም። ይህን ሁልጊዜ በኩራት ነበር የምናገረው። የልብስ ስፌት ቤቴን ከከፈትሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም እሑድ የሲንጀሬን ሽፋን አንሥቼ አላውቅም። ሙሽሮች እያለቀሱ ለምነውኛል፤ መልሴ ያው ነው፤ «ሰኞ ጠዋት።»

የሚያሳፍረኝ ቅዳሜ ነው። እናቴ ሁለቱንም ሰንበት ታከብር ነበር። በቀዳሚት ሰንበት እህል አታስፈጭም፣ ልብስ አታጥብም፤ ቡናው እንኳ ዓርብ ማታ ተወቅጦ ያድር ነበር። ዐቢይ ጾም ገብቶ ሁላችንም ስግደት ላይ በምንሆንበት ወራት ቅዳሜና እሑድ ስግደት የለም፣ ከቀዳም ሥዑር በስተቀር ቅዳሜ እስከ ቀትር በኋላ አይጾምም እያለች በልጅነታችን ታስረዳን ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ ለዚች ቀን ክብር ሲሉ አገር ጥለው ተሰደው አርመን አገር ዐረፉ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ እስኪወስን ድረስ ክርክሩ ቤተ ክርስቲያንን ከፍሎ ቆይቷል። እኔ ደግሞ ቅዳሜ የባሕር ዳር ትልቁ የገበያ ቀን ስለሆነ ከማለዳ ጀምሬ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እውላለሁ። እሳቸው ስደት፣ እኔ ገበያ። ይህን ጉዳይ ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ ዛሬ ልጽፍ የተቀመጥሁት ግን ስለ እሑድ ነው።

ጥልፍ የሚሠሩልኝ አንዲት እናት አሉ። የዘጌ ተወላጅ ናቸው፤ በአባቶች ሥርዓት መሬት አይታረስም፣ ከብት አይረባም ከሚባልበት፣ ሰው በቡናና በጌሾ ከሚያድርበት አገር። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በመርፌ ነው። እጃቸው ይደንቀኛል፤ የጥለቱን ቀለም አይተው ክሩን ሲመርጡ አንድም ቀን ተሳስተው አላየሁም። ሥራውን ቤታቸው ወስደው ይሠራሉ፣ ሰኞና ሐሙስ ያመጣሉ። እኔ «እትዬ፣ እርስዎ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል።

ትናንት ቅዳሴ አስቀድሼ ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ደንበኛዬ አየችኝና የእኅቷ ቀሚስ የደረት ጥልፍ አጥሯል አለችኝ። ደሜ ፈላ። ቅዳሴው ገና አልተፈጸመም፤ እኔ ግን ወደ ዛፎቹ ጥግ ፈቀቅ አልሁና ስልኬን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁ፤ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላክሁላቸው። ከዚያ ተመልሼ ተባረክሁ፣ ጠበል ጠጣሁ፣ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ከልጆቼ ጋር ሐይቁ ዳር ተቀምጬ በፔሊካኖቹ ስሥቅ ነበር። የላክሁትን እንኳ ረስቼዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ቀሚሱን ይዘው መጡ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ስልካቸውን አወጡ። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስለሚል ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ አደረጉት።

«ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ? ከአንገት እስከ ታች አርባ ስድስት ብዬሽ አልነበረም? ጆሮ የለሽም እንዴ?»

ሱቁ ውስጥ ሁለቱ ሠራተኞቼና አንዲት ጨርቅ የምታማርጥ ሴት ነበሩ። ስድብ የሚባል ቃል የለበትም። «የምነግርዎት» ማለት ሲገባኝ «የምነግርሽ» ብያለሁ፤ በቃ። በእኛ ቋንቋ ሰውን ከወንበሩ ለማውረድ ስድብ መፈለግ አያስፈልግም፤ የግሡ ጭራ ይበቃል። እናቴ በምትሆን ሴት ላይ ሦስት ጊዜ ያን ጭራ ቀጥያለሁ።

እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ደገሙት። መቀሱ በእጄ ላይ ቆመ። በሁለተኛው ጊዜ ከድምፄ ኋላ ያለው ተሰማኝ፦ የድምፅ ማጉያው፣ ዲያቆኑ፣ «እትዉ በሰላም»። ሕዝቡ በሰላም ግቡ እየተባለ እኔ ጆሮ የለሽም እንዴ እላለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ደገሙት። በእልህ ወይም ሊያሳፍሩኝ መስሎኝ ነበር።

ማታ መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥሁ። ኢሳይያስ 58 ላይ ሰንበትን ስለማክበር ሲናገር እግርን ከመመለስና የገዛ መንገድን ከመተው ጋር ከንቱ ነገር አለመናገርን አብሮ ይቆጥራል። ስንቴ አንብቤዋለሁ፤ «ሥራ» የሚለው ላይ ብቻ ነበር የማቆመው። ዘፀአት 20 ላይ ያለውም ትእዛዝ አገልጋይን፣ ከብትን፣ በደጅ ያለን እንግዳ ሳይቀር አሳርፍ ይላል። እኔ መርፌዬን ሰቅዬ የሌላዋን መርፌ በስልክ ስነዳ ነው ያረፈድሁት። በየማለዳው ዳዊት እደግማለሁ፤ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር» የሚለውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ለስልኬ ጠባቂ ማቆም እንደሚያስፈልግ ግን አላሰብሁም።

ወደ ጠዋቱ ልመለስ። ከሦስተኛው በኋላ መቀሱን አስቀምጬ አጠገባቸው ሄድሁ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንዲያ ልናገርዎት አይገባኝም ነበር፤ ያውም በሰንበት፣ ያውም ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ሆኜ» አልሁ፤ ሠራተኞቼ እየሰሙ።

እሳቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩኝ። ትንሽ ዝም አሉ። ዝምታው ይቅርታ ይሁን ቅሬታ እስካሁን አልለየሁትም።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ቅዳሴው ጮኾ አልሰማ ብሎኝ ነው የደጋገምሁት። አርባ ስድስት ነው አርባ ሰባት ያልሽው?»

ሜትሩን ከአንገቴ አወረድሁና ጫፉን ሰጠኋቸው። እሳቸው ከአንገቱ ያዙ፣ እኔ ከታች።