ከ60 ኪሎኸርዝ ወደ 12.5፦ የሪፒተር ቻናሎች እንዴት ተቀራረቡ

ድሬዳዋ ሆኖ በእጅ ሬዲዮ ሐረር ያለን ሰው ለማነጋገር የሞከረ ሁሉ የደንገጎን ተራራ ያውቀዋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ይህ ከፍታ የ2 ሜትር ባንድን፣ ማለትም ከ144 ሜጋኸርዝ የሚጀምረውን የአማተር ሬዲዮ ባንድ፣ ሞገድ ይጋርዳል። የመገናኛ ሬዲዮ ጠጋኝ እንደመሆኔ፣ እንዲህ ካለ አናት ላይ ደካማውን ድምፅ ተቀብሎ በሌላ ፍሪኩዌንሲ አጉልቶ የሚያስተላልፍ ሪፒተር ምን ያህል እንደሚጠቅም ይገባኛል። ነገር ግን ሁለቱንም ከተሞች የሚያይ ሪፒተር የሩቅ ጎረቤቶቹንም ስለሚሰማ፣ በአንዱ ቻናልና በቀጣዩ መካከል ስንት ኪሎኸርዝ ይተው የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል።

አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ የሰጡት አሮጌ ሬዲዮዎች ናቸው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የፖሊስንና የታክሲን የመሳሰሉ የሥራ ሬዲዮዎች ዴቪዬሽን (ድምፁ ፍሪኩዌንሲውን ከመሃሉ ወዲህና ወዲያ የሚያወዛውዝበት መጠን) ከ15 ወደ 5 ኪሎኸርዝ እንዲጠብ ሲያዝ፣ ከሥራ የወጡት በሰፊ ዴቪዬሽን የሚሠሩ ሬዲዮዎች በርካሽ ዋጋ በአማተሮች፣ ማለትም ሬዲዮን ለፍቅሩ በሚሠሩ ሰዎች፣ እጅ ገቡ። ቻናሎቹም 146.94፣ 146.88፣ 146.82 ሜጋኸርዝ እየተባሉ በ60 ኪሎኸርዝ ተራራቁ። ለእያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ የሚወስነው የራሱ ክሪስታል መገዛት ስለነበረበት፣ አንዴ የተያዘን ቻናል መልቀቅ ቀላል አልነበረም፤ ስለዚህ ሪፒተሮች ሲበዙ የነበሩት ሳይነኩ መካከላቸው ተከፈለና 146.91ን የመሳሰሉት ገቡ። ርቀቱ 30 ሆነ፤ ያም ሲሞላ እንደገና ተከፍሎ 15 ሆነ።

ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በ5 ኪሎኸርዝ ዴቪዬሽን እስከ 3 ኪሎኸርዝ የሚደርስ የሰው ድምፅ ሲላክ፣ የሚይዘው ስፋት የሁለቱ ድምር እጥፍ፣ ማለትም 16 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው። በ15 የተጎራበቱ ሪፒተሮች ስለዚህ ጠርዛቸው ይነካካል፤ ካልተራራቁ ወይም ተራራ ካልለያቸው አይስማሙም። በአንዳንድ አካባቢዎች 20 ኪሎኸርዝ ተመርጧል፤ ቻናሎቹ ቢያንሱም እያንዳንዳቸው በንጽሕና ስለሚሠሩ፣ በእኔ እምነት የተሻለው ውሳኔ ይህ ነው።

ኢትዮጵያ ከአውሮፓና ከቀሪው አፍሪካ ጋር በምትመደብበት የዓለም አቀፉ የሬዲዮ ድልድል ክልል 1፣ ባንዱ ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ የአሜሪካው ግማሽ መሆኑ ነው። አውሮፓውያን ከ145.600 እስከ 145.775 በ25 ኪሎኸርዝ ርቀት ስምንት የሪፒተር ቻናሎችን ደለደሉ፤ ሲጣበባቸው ወደ 12.5 ወረዱ። በዚህ ጊዜ ዴቪዬሽኑም ወደ 2.5 ስለወረደ ስፋቱ 11 ገደማ ሆኖ በቻናሉ ውስጥ ይገባል። ይሁንና ሰፊ ፊልተር (የሚቀበለውን ስፋት የሚገድበው ክፍል) ያለው አሮጌ ሬዲዮ ጎረቤቱንም ይሰማል፤ በሰፊው የሚልክ ሬዲዮ ደግሞ በጠባቡ ተቀባይ ላይ ድምፁ ይበላሻል። ደንገጎ ላይ ሪፒተር የሚተከልበት ቀን ከመጣ፣ ቻናል ከመመረጡ በፊት የተጠቃሚዎቹ ሬዲዮዎች ዴቪዬሽን አንድ በአንድ እንዲለካ እጠይቃለሁ።