የጎረቤት ድመት ድመቴን አላስቀምጥ ሲላት ያደረግኩት

እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አጥሩን ነው። እኔ አጥሩን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት። አዲስ አበባ ውስጥ ግቢን ከግቢ የሚለየው ብሎኬት ወይም ቆርቆሮ ነው፤ የሰርቪስ ቤቱ ጣሪያ ከጎረቤት ጣሪያ ጋር ይገናኛል፤ ጤነኛ ድመት ደግሞ ከቆመበት ተነስቶ አንድ ሜትር ተኩል መዝለል አይከብደውም። ጥፍሩ የሚይዝለት ነገር ካገኘ ከዚያም በላይ ይወጣል። የሚያመጣውን ምክንያት ሳይነኩ አጥር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ድመቱን መንገድ ከማስቀየር አያልፍም። ምክንያቱ በአብዛኛው ሁለት ነው፦ ድመቱ አልተኮላሸም፣ ወይም ርቦታል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም።

አስቀድሞ መጣራት ያለበት ግን አለ። ድመታችሁ ሴት ከሆነችና ካልመከነች፣ ሌሊት የምትሰሙት ጩኸት ጠብ ላይሆን ይችላል። ወንዱ ሲሰርራት ማጅራቷን ነክሶ ይይዛል፤ ሲለቃት ጮኻ ትዞርበትና በጥፍሯ ትቧጭረዋለች። ለማያውቅ ሰው የለየለት ድብድብ ነው። ሴት ድመት ካላረገዘች በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ድራት ላይ ትሆናለች፣ ማለትም ወንድ ትፈልጋለች፤ አገራችን ውስጥ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ የአውሮፓ ድመቶች በብርዱ ወራት እንደሚያርፉት የምታርፍበት ወቅት የላትም። ያኔ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ግቢያችሁን ይሞላዋል፣ እርስ በርሱም ይናከሳል። እዚህ ላይ መፍትሔው የራስን ድመት ማስመከን ነው፤ የጎረቤቱ ምንም አላጠፋም። እውነተኛው ጉልበተኛ ሌላ ጠባይ አለው። ዝም ብሎ ያፈጣል፣ መተላለፊያ ላይ ተኝቶ መንገድ ይዘጋል፣ የእናንተዋ ስትሸሽ ተከትሎ ይነክሳል። የቁስሉ ቦታም ይናገራል፦ ጭራዋ ሥርና ታፋዋ ላይ ከሆነ እየሸሸች ነው የተነከሰችው፤ ፊቷና የፊት እግሯ ላይ ከሆነ ገጥማዋለች።

ቁስሉን በዓይን ሳይሆን በእጅ ነው የምፈልገው። የድመት ክራንቻ ቀጭን ስለሆነ ቆዳ ላይ የሚተወው ቀዳዳ ከስፒል ጫፍ አይበልጥም፤ ቶሎ ይደፈንና ጀርሙ ከውስጥ ይቀራል። ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ድመቷ ምግብ ትተዋለች። ስለዚህ ከጠብ በኋላ ፀጉሯን ወደ ኋላ እየገለበጥኩ ከማጅራቷ እስከ ጭራዋ ሥር በጣት ጫፍ እዳስሳለሁ፤ ደም ያጣበቀው ፀጉር ወይም ትንሽ ቅርፊት ካገኘሁ ዙሪያውን ፀጉር በመቀስ አሳጥሬ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቼ በንጹሕ ጨርቅ አጥባለሁ። በረኪና፣ ዴቶልና አልኮል ቁስሏ ላይ አይደርሱም፤ በተለይ ዴቶል ስትልሰው ይመርዛታል። ፓራሲታሞል ደግሞ አንድ ፍሬ እንኳ ድመት ይገድላል፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም እንዲሁ አይሰጡም። የድመት ጤናማ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ካበጠ ወይም ሙቀቷ 39.5 ካለፈ መግሉ መፍሰስ፣ ፀረ ተሕዋሲ መድኃኒትም መታዘዝ ስላለበት ወደ እንስሳት ሐኪም ነው የምትሄደው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ያልጨረሰች ድመት ከማይታወቅ ድመት ጋር ከተናከሰች ይህንንም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። በግልግል መሃል ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ለነገ የሚባል አይደለም። ለዚህም ነው ሲናከሱ እጄን የማላስገባው። የድስት ክዳን ማጋጨት ወይም ሰፊ ካርቶን በመሃላቸው መሰንቀር ይበቃል። ከዚያ በኋላ የራስን ድመት አቅፎ ማባበል አይጠቅምም፤ ንዴቷ ለሰዓታት ስለሚቆይ እናንተን ነው የምትነክሰው። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትቀመጥ።

የሚገባበትን ቦታ ለማወቅ ካሜራ አያስፈልግም። ከምድጃ የወጣ የከሰል አመድ በወንፊት ነፍቼ፣ በሚጠረጠሩት ቦታዎች፣ ማለትም በአጥሩ ሥር ባለው ቀዳዳ፣ በሮቶው ማስቀመጫ ላይና በሰርቪሱ ጣሪያ መውረጃ፣ ስስ አድርጌ ማታ እነሰንሳለሁ። ጠዋት ኮቴው የትኛው ላይ እንዳለ፣ ወደየት እንደዞረም ይታያል። ዝናብ ካለ አይሠራም፤ በክረምት ደግሞ ብዙ ጊዜ የቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ተቀንጥቦ የቀረ ፀጉር ይገኛል።

ቀጥሎ ባለቤቱን ማግኘት ነው። የአዲስ አበባ ድመት ሦስት ቤት በልቶ አራተኛው ሊያድር ይችላል፣ ስለዚህ «የእገሌ ነው» የሚለውን ወሬ ይዞ አይኬድም። ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ስስ የወረቀት ቁራጭ አንገቱ ላይ ላላ አድርጎ በፕላስተር ማያያዝ ይቻላል፤ ወረቀት ስለሆነ አንድ ነገር ላይ ቢያዝ ይበጠሳል፣ አያንቀውም። ንግግሩን ድመቷ ደም በደም ሆና እያለ አልጀምርም። ሰው ቤት ገብቶ «ድመታችሁ ድመቴን ገደላት» ማለት መልሱ የታወቀ ነው። እንዲህ ማለት ይሻላል፦ «እማማ፣ ውሮው የእርስዎ ነው አይደል? ከኛዋ ጋር አልተስማሙልኝም። ላስኮላሸው ብዬ ነበር፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ፣ እርስዎ ፈቃድዎን ብቻ ይስጡኝ።» ተቃውሞው ሁሌም አንድ ነው፦ አይጥ መያዝ ይተዋል። አይተውም። ድመት አይጥ እንዲያድን የሚያደርገው የወንድነት ሆርሞኑ አይደለም፤ የተኮላሸም የጠገበም ድመት ያድናል። ይወፍራል የሚለው ግን እውነት አለው፤ ከተኮላሸ በኋላ ምግቡን በሩብ ያህል መቀነስ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ውጤት ያለው ሥራ ማኮላሸቱ ነው። ከተኮላሹ አሥር ወንድ ድመቶች ዘጠኝ ያህሉ መናከሱን፣ መዞሩንና ሽንት መርጨቱን ይተዋሉ ወይም በእጅጉ ይቀንሳሉ። አንዳንዱ በቀናት፣ አንዳንዱ በሳምንታት ነው የሚለወጠው፤ ለዓመታት ሲናከስ የኖረ ሽማግሌ ድመት ላይ ልማዱ በከፊል ሊቀር ይችላል። ድመቱን ወደ ክሊኒክ ማድረስ ነው የሚያስቸግረው። የድመት መያዣ ሳጥን መግዛት ካልተቻለ ሁለት እኩል የሆኑ የፕላስቲክ የአትክልት ሳጥኖች አፍ ለአፍ ተገጥመው በፕላስቲክ ማሰሪያ ሲታሰሩ ጥሩ መያዣ ይሆናሉ፤ በአንድ ጎን በኩል ሦስት ማሰሪያ እንደ ማጠፊያ ያገለግላል፣ በሌላው ጎን ያሉት ድመቱ ከገባ በኋላ ይጠብቃሉ። ሳጥኑን ባለቤቱ ቤት ለጥቂት ቀናት ከፍቶ መተውና ምግቡን እዚያው ውስጥ መስጠት ነው፤ በመጨረሻው ቀን በራሱ ይገባል። ጆንያ ውስጥ የገባ ድመት ግን ሁለተኛ አይያዝም። ለአካለ መጠን የደረሰ ድመት ከቀዶ ጥገናው በፊት ለ8 ሰዓት ያህል ምግብ አይበላም፣ ውኃ እስከ ጠዋት አይከለከልም፤ ክሊኒኩ ሌላ ሰዓት ከሰጠ የእነሱን መያዝ ነው። የወንድ ቁስል ብዙ ጊዜ ሳይሰፋ ስለሚተው ከ7 እስከ 10 ቀን አሸዋም ሰጋቱራም አይነካውም፤ ሳፋው ውስጥ የተቀዳደደ ጋዜጣ ይደረግለታል። ከተማው ውስጥ የግል ክሊኒኮች አሉ፤ ቢሾፍቱ አካባቢ ላለ ሰው ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ነው።

ራቡን በተመለከተ፣ ጠቡ በጾም ወቅት ለምን እንደሚብስ ብዙ ሰው አያስተውልም። ድመት ያለ ሥጋ አይኖርም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቤቱ ሽሮና ምስር ሲሆን፣ ሉካንዳውም ሲዘጋ፣ የጎረቤት ድመት ሥጋ የሸተተው ቤት ይሄዳል፤ እናንተ ለድመታችሁ ደረቅ ምግብ በረንዳ ላይ ካስቀመጣችሁ የሚመጣው እዚያ ነው። ከጎረቤት ጋር ምግቡን ማቻቻል ከአጥር ይረክሳል። አራት ኪሎ የሚመዝን ድመት በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ደረቅ ምግብ ይበቃዋል፤ ከሁለት ከፍሎ ጠዋትና ማታ በባለቤቱ ቤት መስጠት ነው። ከጾም ውጭ ከሉካንዳ የሚገኝ ሳንባና ቅንጥብጣቢ ያለ ጨው ተቀቅሎ ይሰጣል፤ ጥሬውን ግን አይሆንም፣ ጥገኛ ትል አለበት። የወጥ ትራፊም አይጠቅምም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። በእኛ በኩል ደግሞ ምግብ ውጭ አያድርም፤ ድመቷ በልታ በ20 ደቂቃ ውስጥ የተረፈው ይነሳል።

ከዚያ ሰዓት መከፋፈል ነው። ድመቶች ራሳቸው አንድን መንገድ በተለያየ ሰዓት ይጠቀማሉ፤ ጎረቤት ከተስማማ ይህን ማጠናከር ብቻ ነው። የሚሠራው አከፋፈል የኛዋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ትወጣለች፣ እሱ ደግሞ በዚያ ጊዜ ቤቱ ይሆናል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋት የኛዋ አትወጣም። የማታውን ምግቧን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ብቻ መስጠት፣ ከዚያ በፊት አለመስጠት፣ ሳትጠራ እንድትገባ ያደርጋታል። ጎረቤት ፈቃደኛ ከሆነ ጉልበተኛው አንገት ላይ ቃጭል ይደረግ፤ ሲይዘው የሚላቀቅ መቆለፊያ ባለው ማሰሪያ፣ ሁለት ጣት በሚያስገባ ልልነት።

በጉልበተኛ የተሸበረች ድመት ቤት ውስጥ ሽንቷን በየቦታው መልቀቅ ትጀምራለች፣ ምክንያቱም ውጭ ወጥታ መሽናት ፈርታለች። ሰጋቱራ ወይም አሸዋ ያለበት ሳፋ አስገቡላት፤ ከምግቧ ራቅ ብሎ፣ መውጫው ሁለት በሆነ ጥግ። ጉልበተኛው ከውጭ በመስኮት የሚያፈጥባት ከሆነ የመስታወቱን የታችኛውን 60 ሴንቲ ሜትር በወረቀት መሸፈን ጭንቀቷን ወዲያው ይቀንሳል። ወንድ ድመት ያለው ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ከጭንቀት በኋላ ሳፋው ላይ ተቀምጦ እያማጠ ሽንት ካልወጣው የሽንት ቧንቧው ተዘግቷል፤ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይቆይም፣ ይሞታል። የዚያኑ ሰዓት ሐኪም ዘንድ ነው።

ጉልበተኛው በር ላይ የረጨውን ሽንት በበረኪና ማጠብ ነገሩን ያባብሳል። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል፣ ሽታውም ድመቱን መልሶ ይጠራዋል። ኢንዛይም ያለበት የልብስ ሳሙና ዱቄት አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ ማጠብ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ማለቅለቅ፣ ሲደርቅ አልኮል መርጨት፣ ከዚያ እስኪደርቅ ድመት አለማስጠጋት። ሴንሰር መብራት ለጥቂት ቀን ያስደነግጠዋል፣ ከዚያ ይለምደዋል። ድንጋይ መወርወር፣ የአይጥ መርዝ ማስቀመጥ ወይም በጆንያ ከቶ ሩቅ መጣል ነውርነቱ እንዳለ ሆኖ፣ መርዙ የራስን ድመትም ልጅንም ይደርሳል፤ የተጣለው ድመት ቦታ ደግሞ በሌላ ያልተኮላሸ ወንድ ይሞላል።

አሁን አጥሩ። ብሎኬት ላይ የሚሠራው የሚሽከረከር ቱቦ ነው። 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ በ1.4 ሜትር ተቆርጦ፣ ውስጡ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ገብቶ፣ በመሃሉ የብረት ገመድ ያልፋል፤ ገመዱ በየ1.5 ሜትሩ ግንቡ ላይ በታሰረ የአንግል ብረት ይወጠራል። ርቀቱ ከዚህ ሲሰፋ ገመዱ ይረግባል፣ ቱቦው ግንቡን ይነካና መሽከርከሩን ያቆማል። ቱቦው ድመቱ ከሚዘልበት ጎን ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ወደ ውስጥ ከገባ መቆሚያ ያገኛል። አንግሉ ያለበት ቦታ መያዣ እንዳይሆነው በላሜራ ይሸፈናል። የጠርሙስ ስባሪ ለድመት ከንቱ ነው፣ መሃል መሃሉን ይረግጣል። አጥር ጥግ ያለ ዛፍ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላሜራ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ አድርጎ መጠምጠም፣ በሽቦ እንጂ በሚስማር አለመምታት፣ ግንዱ ሲወፍር ሽቦውን ማላላት። በጣሪያና በግድግዳ መሃል ወደ ኮርኒስ የሚያስገባው ክፍተት በዶሮ ሽቦ ይዘጋል፤ ከመዝጋት በፊት ግን ውስጥ ግልገል አለመኖሩን በጆሮም በባትሪም ማረጋገጥ ግድ ነው። ካለ እናትየዋ እስክታወጣቸው ይጠበቃል።

የኛዋን መልሶ ማስወጣት የሚጀመረው የጎረቤቱ ድመት ከተኮላሸ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ጠብ ቢያገረሽ ቀዶ ጥገናው ከሽፏል ማለት አይደለም፣ ልማዱ ገና አለቀቀውም። ከምግብ ሰዓቷ በፊት፣ ርቧት እያለ፣ እኔ ውጭ ቆሜ ለ10 ደቂቃ ትወጣለች፤ በሩ ክፍት ነው፣ ሳህኗ ውስጥ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጨመራል። ጆሮዋን ወደ ኋላ ካጠፈች ወይም ሆዷን መሬት አስነክታ ከሄደች የዚያን ቀን ይበቃታል።